የተቀባ ፊት፣ ያልተቀባ ጉልበት
(ስለ ኬይጂ ሙቶና ስለ «ታላቁ ሙታ» የቀረበ ሂስ)

«ሬስሊንግ ደሞ ከመቼ ወዲህ ነው የሥነ ጽሑፍ ጉዳይ የሆነው?» ይህ ጽሑፍ ገና በረቂቅነቱ ሳለ አንድ ወዳጃችን ያነሣብን ጥያቄ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። በእነዚህ ገጾች ላይ ስለ ልብ ወለድ፣ ስለ ግጥምና ስለ ተውኔት እንጂ በቁምጣ ስለሚገላበጡ ጎረምሶች ሲጻፍ አልታየም። ወዳጃችን ግን በጥያቄው ብቻ አልበቃውም። «ኧረ ለመሆኑ ውሸት አይደል እንዴ! ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድመው ተነጋግረው እኮ ነው የሚገቡት» ሲል ጨመረበት። እኛንም ብዕር ያስነሣችን ይህቺው «ውሸት» የምትባል ቃል ናት።

በመሠረቱ ወዳጃችን ያለው ነገር ሐሰት አይደለም። የፕሮፌሽናል ሬስሊንግ ውጤት አስቀድሞ የተወሰነ ነው፤ ይህንን ዛሬ የማያውቅ የለም። ዳሩ ግን በተውኔትም ቢሆን ማን እንደሚሞት ደራሲው አስቀድሞ ያውቀዋል። ኦቴሎ ዴዝዴሞናን ሲያንቃት ከወንበሩ ተነሥቶ «ፖሊስ!» ብሎ የሚጮህ ተመልካች ቢገኝ የሚሣቅበት ራሱ ነው። እንግዲህ መነጋገራቸውን ማወቅ ብቻውን ሂስ አይሆንም። ሐያሲ ነኝ የሚል ሰው አንድ እርምጃ ቀጥሎ፣ በዚህ ሁሉ ስምምነት መካከል እውነት ሆኖ የሚቀረው ምንድን ነው ብሎ መጠየቅ አለበት።

ለዚህ ጥያቄ መፈተኛ እንዲሆነን የመረጥነው ጃፓናዊውን ታጋይ ኬይጂ ሙቶን ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።) ሙቶ በዲሴምበር 1962 ያማናሺ በተባለው ክፍለ ሀገር ተወለደ፤ ጁዶ ተማረ፤ በ1984 «ኒው ጃፓን ፕሮ ሬስሊንግ» ከሚባለው ድርጅት ገባና በኦክቶበር 5 ቀን የመጀመሪያ ግጥሚያውን አደረገ። ተጋጣሚው አብሮት የገባው ማሳሂሮ ቾኖ ነበር። ይህችን ስም አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ መጨረሻው ላይ ተመልሳ ትመጣለች።

ሙቶ በአንድ አካል ሁለት ገጸ ባሕርይ ተሸክሞ የኖረ ሰው ነው። አንደኛው ፊቱ ያልተቀባው ሙቶ ነው፤ ቀልደኛ፣ ደልዳላ፣ በራሱ የሚተማመን። ሁለተኛው «ታላቁ ሙታ» ይባላል፤ ፊቱ በቀለም የተዥጎረጎረ፣ የማይናገር፣ ዳኛው ዞር ሲልለት ከአፉ አረንጓዴ ጉም በባላጋራው ዓይን ላይ የሚረጭ። ይህ ሁለተኛው ከየት መጣ? ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ ጥቂት ወደ ኋላ መሄድ ሊኖርብን ነው።

በ1954 ጃፓን የተሸነፈችበት ጦርነት ካበቃ ዘጠኝ ዓመት፣ የአሜሪካ ወረራ አስተዳደር ካበቃ ደግሞ ገና ሁለት ዓመት ገደማ ቢሆን ነው። በዚያ ዓመት በፌብሩዋሪ ወር ሪኪዶዛን የተባለ የቀድሞ የሱሞ ታጋይ ከጁዶው ጌታ ከማሳሂኮ ኪሙራ ጋር ተጣምሮ፣ ሻርፕ ከሚባሉ ሁለት ግዙፍ ነጭ ወንድማማቾች ጋር ገጠመ። ቴሌቪዥን በየቤቱ አልገባም ነበርና ሕዝቡ በየአደባባዩ በተተከሉት ቴሌቪዥኖች ሥር እንደ ጉንዳን ተሰበሰበ። ሪኪዶዛን በመዳፉ ጠርዝ የነጮቹን ደረት በመታ ቁጥር የተሸናፊው ሕዝብ አንጀት ቅቤ ጠጣ። መጋረጃውን ገለጥ አድርገን ስናይ ግን ጉድ ነው። በ«አሜሪካ» ስም የተደበደቡት ሻርፖች ካናዳውያን ነበሩ። በ«ጃፓን» ስም የደበደባቸው ሪኪዶዛን ደግሞ ኮሪያ የተወለደ ሰው ነበር፤ ይህም በ1963 እስኪሞት ድረስ ከአድናቂዎቹ ተሰውሮ ቆየ። ቀለም የሚቀባው ታጋይ ከመምጣቱ በፊትም ፊቶቹ የተቀቡ ነበሩ ማለት ነው።

ከውቅያኖሱ ማዶ ደግሞ ያው ተውኔት ተገልብጦ ይታይ ነበር። በአሜሪካ መድረኮች ላይ ጃፓናዊ ሲቀርብ ድርሻው የታወቀ ነው፦ ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሣል፣ ፈገግ ይላል፣ ከዚያ ከጉያው ጨው አውጥቶ በባላጋራው ዓይን ውስጥ ይበትናል። ተመልካቹም የጦርነቱን ቂም በሁለት ዶላር ተወጥቶ ወደ ቤቱ ይገባል። ድርሻውን የሚጫወተው ሰው ጃፓን መወለዱ እንኳ ግድ አልነበረም፤ ከታወቁት አንዱ የሆነው ሚስተር ፉጂ የሃዋይ ልጅ ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ አኪሂሳ ሜራ የተባለ ታጋይ በቴክሳስ ይህንኑ ድርሻ አሻሻለው። በጃፓን ባህላዊ ቲያትር ስም «ታላቁ ካቡኪ» ተብሎ ፊቱን ቀባ፤ በጨው ፋንታም ከአፉ ባለቀለም ጉም ይረጭ ጀመር። አብሮት ይሠራ የነበረው ጋሪ ሃርት የተባለ ማናጀር በ1989 ያንኑ ቀለምና ያንኑ ጉም ለወጣቱ ሙቶ አወረሰውና «የካቡኪ ልጅ ነው» ብሎ ለአሜሪካ ቴሌቪዥን አቀረበው። ልጁ ግን አልነበረም፤ ዝምድናም የላቸውም። «ታላቁ ሙታ» የተወለደው እንዲህ ነው።

እዚህ ላይ በመካከላችን ክርክር ተነሥቶ እንደነበር አንደብቅም። «ይኸ ሰው ባዕዳን የሰፉለትን የውርደት ልብስ ለብሶ ነው እኮ የከበረው፤ እናንተ ደሞ ታጨበጭቡለታላችሁ» ያሉ አሉ። ግማሹ እውነት ነው። ልብሱን የሰፋው ሌላ ነው፤ ክሩም ንቀት ነው። ግን አንድ ገጸ ባሕርይ በማን ተፈጠረ ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም፤ ተዋናዩ ከገባበት በኋላ ምን አደረገው የሚለውም አለ። የቀድሞዎቹ የአሜሪካ መድረክ ጃፓናውያን ከማጭበርበር በቀር ሌላ ሙያ እንዳይኖራቸው ተደርገው የተሣሉ ነበሩ። ሙታ ግን ቁመቱ 1 ሜትር ከ88፣ ክብደቱ 110 ኪሎ ገደማ ሆኖ ሳለ በእጆቹ ተመርኩዞ እየተገለበጠ ባላጋራውን በክርኑ ሲመታ፣ ከጀግናው ወገን ይህንን የሚያደርግ እምብዛም አልነበረም። ሊሰድበው የመጣው ተመልካች ቀስ በቀስ ያጨበጭብለት ጀመር። ክፉውን ሊጠላ ቲኬት የገዛ ሰው ክፉውን ወዶ ሲወጣ፣ ድርሰቱ ከደራሲዎቹ እጅ አመለጠ ማለት አይደለም?

ሌላም ነገር አለ። ሙታ በቀለሙ መካከል ጉንጮቹ ላይ ፊደል ይጽፍ ነበር። ለአሜሪካዊው ተመልካች ያ ጭረት ብቻ ነው፤ የምሥራቅ ምሥጢር ምናምን ብሎ ያልፈዋል። ማንበብ ለሚችል ግን ከፊደሎቹ አንዱ «መታገሥ፣ መቻል» ማለት ነው፤ በስውር ለሚሄደው ለኒንጃም ስም የሚሆነው ይኸው ፊደል ነው። እኛ በሰምና ወርቅ ያደግን ሰዎች ይህ ሊከብደን አይገባም። ሰሙ ለባዕዱ «ተንኮለኛ» ይላል፤ ወርቁ ለአገሬው «ቻለው» ይላል።

በ1990 ሙቶ ቀለሙን ይዞ አገሩ ገባ። ጃፓን ውስጥ «የምሥራቅ ምሥጢር» የሚባል ነገር ትርጉም የለውም፤ ሁሉም ምሥራቃዊ ነዋ! ስለዚህ ሙታ አዲስ ትርጉም ማግኘት ነበረበት፤ አገኘም። ከሌላ ዓለም የመጣ መንፈስ፣ ሙቶ ሲፈልግ የሚጠራው ጋኔን ሆነ። በዲሴምበር 14 ቀን 1992 ከሂሮሺ ሃሴ ጋር ሲገጥም ከግንባሩ የፈሰሰው ደም ቀለሙን ጠርጎ ወሰደው። ደሙ ከመብዛቱ የተነሣ የውጭ አገር አድናቂዎች ከዚያ ወዲህ በማንኛውም ግጥሚያ የሚፈሰውን ደም «በሙታ ሚዛን» ይለኩት ጀመር። ውጤቱ የተወሰነ ነበር፤ ደሙ ግን የማንም ድርሰት አልነበረም።

አሁን ወደ ስልቶቹ እንምጣ፤ የታጋይ ቋንቋው እነሱ ናቸውና። ከሁሉ የሚበልጠው «ሙንሶልት» የሚባለው ነው። ስሙ የጨረቃና የግልብጥ ዝላይ ድብልቅ ሲሆን በጃፓን ዘንድ የታወቀው ከጂምናስቲክ ነው፤ ሚትሱዎ ሱካሃራ በ1972 በሙኒክ ኦሎምፒክ ከአግዳሚው ብረት የወረደበት ዝላይ በዚሁ ስም ተጠርቶ ነበር። በሬስሊንግ ባላጋራው በጀርባው ተዘርሮ ሳለ ሙቶ ከማዕዘኑ ገመድ አናት ላይ ይወጣል፤ ጀርባውን ሰጥቶ ይቆማል፤ ከዚያ ወደ ኋላው ዘሎ በአየር ላይ አንዴ ይገለበጥና በሆዱ ይወድቅበታል።

ልብ እንበል፤ ዝላዩን ሲጀምር ባላጋራውን አያየውም። የተዘረረው ሰው ከቦታው ንቅንቅ ቢል የሚሰበረው ዘላዩ ነው። ስለዚህ በጠላትነት የሚታዩት ሁለቱ ሰዎች ከጓደኛሞች ይልቅ መተማመን አለባቸው። ይህ የሬስሊንግ ትልቁ ተቃርኖ ነው፤ ሙንሶልትም በሁለት ሴኮንድ ውስጥ አጠቃሎ ያሳየናል። ሁለተኛው ነገር ደግሞ ጉልበት ነው። ሰውነቱ በባላጋራው ላይ ሲያርፍ ጉልበቶቹ ከወለሉ ጋር ይጋጫሉ፤ ያም ወለል ስስ ፍራሽና ሸራ የለበሰ ጣውላ ነው። አንዱን ዝላይ ሳይሆን የሠላሳ ዓመቱን ዝላይ አስቡት።

ሁለተኛው ስልት የተገለጠው በኦክቶበር 9 ቀን 1995 በቶኪዮ ዶም 67 ሺህ ሰው ፊት ነው። ባላጋራው ኖቡሂኮ ታካዳ «ዩደብልዩኤፍ ኢንተርናሽናል» ከሚባል ድርጅት የመጣ ነበር። ይህ ድርጅት «የእኛ ትግል የምር ነው» ይል ነበር። ከገመድ ላይ መዝለል የለም፤ ቀለም የለም፤ እርግጫና መገጣጠሚያ መጠምዘዝ ብቻ። ታካዳ ሲራገጥ ሙቶ እግሩን ያዘና እንደ ውኃ ቧንቧ ጠምዝዞ ጣለው፤ ቀጥሎም ሁለቱን እግሮቹን በገዛ እግሮቹ መካከል የአራት ቁጥር ቅርጽ አስይዞ ቆለፋቸው። ታካዳም እጁን ሰጠ። ይህ ቁልፍ ሽማግሌ ታጋዮች ይጠቀሙበት የነበረ፣ ከሁሉም ይልቅ «ቲያትር» የሚመስል ስልት ነው። ታዲያ የምሩ ትግል በቲያትሩ ተሸነፈ እንበል? እንዳንቸኩል። የታካዳ ድርጅት ግጥሚያዎችም ውጤታቸው አስቀድሞ የተወሰነ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ እዚያው ቶኪዮ ዶም ውስጥ ታካዳ ከብራዚላዊው ሪክሰን ግሬሲ ጋር ያለስምምነት ሲገጥም አምስት ደቂቃ እንኳ አልቆየም።

በእውነታዊነት ስም ብዙ ቀለም ለምንጨርስ ለእኛ ለሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ከዚህ የሚወሰድ ትምህርት ያለ ይመስለናል። ያልተቀባ ፊት ሁሉ እውነተኛ አይደለም። እውነተኛ መስሎ መታየትም አንድ የቀለም ዓይነት ነው፤ አንዳንድ ደራሲዎቻችን ገበሬውን ስላስነጠሱትና ስላሳሉት ብቻ የገበሬውን ሕይወት የጻፉ እንደሚመስላቸው ማለት ነው።

ስለ ሬስሊንግ ሲጻፍ ፈረንሳዊውን ሮላን ባርትን አለማንሣት ነውር ነው። በ1957 «ሚቶሎጂ» የተባለውን መጽሐፉን የከፈተው በዚሁ ጉዳይ ነበር። አሳቡን በራሳችን አነጋገር ብናሳጥረው፣ ሬስሊንግ ስፖርት ሳይሆን ትዕይንት ነው፤ እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ወዲያው የሚነበብ ምልክት ነው፤ ተመልካቹም የሚፈልገው የስቃይን ሥዕል እንጂ ስቃዩን አይደለም። አብዛኛውን እንቀበላለን። ሙታን ለማንበብ ከዚህ የተሻለ መነጽር የለም፤ ቀለሙ፣ ጉሙ፣ ዝምታው ሁሉ ምልክት ነው። ነገር ግን ባርት ትዕይንቱ ሲያልቅ ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ። ታጋዩ በማግስቱ ጧት ከአልጋው ተነሥቶ ደረጃውን እንዴት እንደሚወርድ አልጻፈልንም። ምልክቱ የሚጻፍበት ብራና የሰው አካል መሆኑን ረሳ። ከእርሱ ጋር የምንለያየው እዚህ ላይ ነው።

የሙቶ የኋለኛው ዘመን ይህንኑ ያሳያል። በ2000 መጨረሻ ላይ የሳሳውን ፀጉሩን ተላጭቶ ብቅ አለ። በ2001 ደግሞ አዲስ ስልት አመጣ፤ «ሻይኒንግ ዊዛርድ» ይሉታል። ባላጋራው በአንድ ጉልበቱ ተንበርክኮ ሳለ ሙቶ ሮጦ ይመጣና የቆመውን ጭኑን እንደ ደረጃ ረግጦ ወጥቶ በጉልበቱ ራሱን ይመታዋል። በሙንሶልት የተጎዳውን ጉልበት መልሶ መሣሪያ አደረገው፤ ብዙዎችም ቀዱት። ጉዳትን ወደ ስልት መለወጥ፣ እንደ እኛ አስተያየት፣ የአንድ አርቲስት ብስለት የሚለካበት ነው። ገላን ግን ማታለል አይቻልም። በማርች 2018 ሁለቱም ጉልበቶቹ ወጥተው ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ተተካላቸው። ወደ ቀዶ ጥገናው ከመግባቱ በፊት ሙንሶልቱን ለመጨረሻ ጊዜ ብሎ ዘለለ፤ ከዚያ በኋላ ክልክል ሆነበት።

እንዲያም ሆኖ በፌብሩዋሪ 2021፣ በ58 ዓመቱ፣ «ኖዋ» ከሚባለው ድርጅት ዋናውን የሻምፒዮና ቀበቶ ወሰደ። በዚያው ዓመት በጁን 6 ቀን ከናኦሚቺ ማሩፉጂ ጋር ሲገጥም ከገመዱ አናት ላይ ወጣና በብረት ጉልበቶቹ የተከለከለውን ዝላይ ዘለለ። ግጥሚያውን ተሸነፈ። ቪዲዮውን ስናይ እኛም እንደ ሌላው «ይኸውላችሁ!» ብለን ጮኽን። ከዚያ ተያየን። የጮኽነው ለምን ነበር? ሰውየው እንዳይሰበር ነው ወይስ እንዲሰበርልን? ይህ ጥያቄ እስካሁን አልለቀቀንም።

መልሱን የሰጠን ራሱ ሙቶ ነው። በ2023 ጃንዋሪ 1 ቀን ታላቁ ሙታ ከሺንሱኬ ናካሙራ ጋር ሲገጥም፣ ናካሙራ አፉን በሙታ አፍ ላይ ገጥሞ ጉሙን መጥጦ ወሰደበትና በገዛ ፊቱ ላይ መልሶ ተፋበት። ሙታ ጉሙን ከሐሰተኛ አባት ወርሶት ነበር፤ ማንም ሳያወርስ የሚወስድ ልጅ ደግሞ መጣበት። በወሩ መጨረሻ ገደማ ሙታ ዮኮሃማ ላይ ተሰናበተ፤ የ1989 ባላጋራው ስቲንግ በዚያች ማታ ከጎኑ ተሰልፎ ነበር። የቀረው ያልተቀባው ሙቶ ነው።

ፌብሩዋሪ 21 ቀን 2023፣ ቶኪዮ ዶም፣ ከ30 ሺህ በላይ ሰው። ተጋጣሚው ከልጅነቱ ጀምሮ የሙቶ አድናቂ የነበረው ቴትሱያ ናይቶ ነበር። ናይቶ ተዘረረ፤ ሙቶ ወደ ማዕዘኑ ሄደ፤ ገመዱን ያዘ፤ መውጣት ጀመረ። አዳራሹ ምን እንደሚፈልግ የታወቀ ነው። ሙቶ ቆመ፤ አሰበ፤ ወረደ። አልዘለለም። ወዲያውም ተሸነፈ። እንግዲህ እኛ ከሙያው ዘመን ሁሉ ታላቁ ትዕይንት እምንለው ይህንን ያልተዘለለ ዝላይ ነው። ሁላችንም ተነጋግረን ውጤቱን የወሰንን ይመስል «ዝለል!» ስንለው፣ የሰውየው ገላ ከእኛ ስምምነት ውጪ መልስ ሰጠ። እውነቱ የቱ ነው ብለን ለጠየቅነው ጥያቄ ያገኘነው መልስ ያ ነው።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ሙቶ በሁለት እግሩ በደንብ ሳይቆም ድምፅ ማጉያ ይዞ፣ አንድ ያልሠራሁት ነገር ቀርቷል በሚል መንፈስ፣ በአስተያየት ሰጪዎች ወንበር ተቀምጦ የነበረውን ማሳሂሮ ቾኖን ጠራው። ቾኖ ከግጥሚያ ከራቀ ዓመታት ያለፉት፣ ከዘራ ይዞ የሚሄድ ሰው ነው። ወጣ፤ ያዘው፤ እግሩን ቆልፎ አንገቱን ጠመዘዘው፤ ሙቶ እጁን ሰጠ። ሁለት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። በ1984 የጀመሩትን ሁለቱ ሽማግሌዎች አብረው ጨረሱት። ስምምነት ነበረበት? አዎን፣ የ38 ዓመት ስምምነት ነበረበት።

ሂስ ሙገሳ ብቻ እንዳይሆን ጉድለቱንም እንናገር። አንደኛ፣ ብዙዎቹ የሙታ ግጥሚያዎች ቀርፋፎች ናቸው፤ ቀለሙ እየሠራ ሰውየው የሚያርፍባቸው ጊዜያት ጥቂት አይደሉም። ሁለተኛ፣ ያ ስሙ የተወለደበት ንቀት በእርሱ ችሎታ ብቻ አልታጠበም፤ ከእርሱ በኋላም በአሜሪካ መድረክ ጉም የሚተፋ ጃፓናዊ መታየቱ አልቀረም። ሦስተኛ፣ ስንብቱ ሁለት ጊዜ ተሸጠ፤ አንዴ በሙታ ስም፣ አንዴ በሙቶ ስም። ገበያ ባለበት ሁሉ እንባም ቲኬት አለው።

አራተኛው ጉድለት ግን የእኛ የተመልካቾች ነው። «ውሸት ነው» የምንለው ራሳችንን ለማሳረፍ ጭምር ይመስለናል። ውሸት ከሆነ የሚጎዳ የለም፤ የሚጎዳ ከሌለ እኛም ዕዳ የለብንም። ቋንቋችን ግን እዚህ ላይ ጎበዝ ነው፤ «ጉልበት» ብለን መገጣጠሚያውንም ኃይሉንም በአንድ ቃል እንጠራለን። ሙቶ ጉልበቱን ሸጠ ስንል ሁለቱንም ማለታችን ነው። ፊቱን በየማታው ታጥቦት ያድር ነበር። ጉልበቱን ግን ማንም አላጠበለትም።

ወዳጃችን ይህንን አንብቦ «አሁንም ውሸት ነው» ካለ መልሱን ጽፎ ያምጣ፤ በሚቀጥለው እትም ቦታ አለ። እስከዚያው ግን ያቺን ያልተዘለለች ዝላይ አንዴ ይመልከታት።